መድኃኒት የወሰደ ሰው መሐላ

በጡረታ መሸኛዬ ዕለት የተናገሩት ሁሉ ትዕግሥቴን አወደሱ። ትዕግሥት ኖሮኝ አያውቅም። የነበረኝ ሌላ ችሎታ ነው፤ የአንዱን ሰው ቁጣ ከሌላው ሰው ቁጣ መለየት እችል ነበር። ሶዶ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የአእምሮ ሐኪም ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት ይህን ችሎታ የፈለገ አለቃ አልገጠመኝም። የሚፈለገው የሚጮኽን ሰው ዝም የሚያሰኝ መርፌ ነበር። በመሸኛው ላይ ጋቢ ያለበሱኝ ሰው ከዓመታት በፊት በግምገማ ስብሰባ «ትምክህተኛ» ያሉኝ ሰው ናቸው። አመሰገንኋቸው። ጋቢው ጥሩ ጋቢ ነው።

የተወለድሁት እዚሁ ሶዶ ነው። አያቴ ከሰሜን በጸሐፊነት ተልከው መጥተው በዚያው የቀሩ ሰው ነበሩ። እኔ አፌን የፈታሁት በሁለት ቋንቋ ነው፤ በቤት በአማርኛ፣ በደጅ በወላይትኛ። ይህ በልጅነቴ ማንንም አያስገርምም ነበር። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ግን በየቅጹ ላይ ብሔረሰብ የሚል መስመር ተጨመረ፤ እኔም በተወለድሁበት አገር «ከየት ነሽ?» እየተባልሁ ሥራ ጀመርሁ።

የመጀመሪያ ምድቤ ሁምቦ ነበር፤ በጠቅላላ ሐኪምነት። ደመወዙን አላነሣም፤ የሚነሣ አልነበረም። ሁምቦ ቆላ ነው። በቆሎው በደረቀበት ዓመት ሰዎች በውኃ መቅጃው፣ በከብት መንገዱ፣ በወሰኑ ላይ ይደባደባሉ፤ ቁስሉን የምሰፋው እኔ ነበርሁ። ስሰፋ አንድ ነገር አስተዋልሁ። አንዳንዱ ቁስል አንድ ምት ብቻ ነው፤ የመታው ሰው ራሱ ቁስለኛውን በጋሪ ጭኖ እያለቀሰ ያመጣዋል። ሌላው ብዙ ምት ነው፤ የመታው ሰውም አይገኝም። ፖሊስ ሁለቱንም «ድብደባ» ብሎ ይጽፋቸዋል። ልዩነታቸውን የሚያስረዳኝ ሰው ፍለጋ ለስፔሻሊስትነት ትምህርት ሐኪምነት ወደ ተማርሁበት ወደ አዲስ አበባ ተመለስሁ።

ያስረዱኝ ዶክተር ግዛቸው ናቸው። የእርሳቸውን ዓይነት ሐኪም ከዚያ በኋላ አላየሁም። በሽተኛ ከመግባቱ በፊት ክራቫታቸውን ይፈቱ ነበር፤ ለትሕትና አይደለም፣ ክራቫት ስለሚጎተት ነው። ብዕራቸውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው መሳቢያ ውስጥ ይቆልፉበታል። ከፍ ያለውን ወንበር ለበሽተኛው ሰጥተው እርሳቸው ዝቅ ባለው ላይ ይቀመጣሉ፤ ከሁለቱም ወንበር ወደ በሩ ያለው መንገድ ክፍት መሆኑን ሳያረጋግጡ አንድ ቃል አይናገሩም። «ለምን ተናደድህ?» ብለው ጠይቀው አያውቁም። «ለዚያ ጥያቄ ሁሉም ሰው ጥሩ መልስ አለው» ይሉ ነበር። የእርሳቸው ጥያቄ «የመታህበትን ዕቃ ከየት አመጣኸው?» የሚል ነው። ሄዶ ያመጣ ሰውና የያዘውን ያሳረፈ ሰው በሽታቸው አንድ አይደለም። ሄዶ ያመጣው አስቦበታል። የያዘውን ያሳረፈው በስሜቱና በክንዱ መካከል ክፍተት የሌለው ሰው ነው።

የመመረቂያ ጥናቴን የሠራሁት በዚያ ክፍተት ላይ ነው። ሴሮቶኒን አንዱ የነርቭ ሕዋስ ለሌላው መልእክት የሚያቀብልበት ንጥረ ነገር ነው። «የደስታ ቅመም» ሲሉት እሰማለሁ፤ ስሕተት ነው። ከሥራዎቹ አንዱ ማዘግየት ነው፤ የተነሣሣ ድርጊት ከመፈጸሙ በፊት ለአንድ አፍታ እንዲታገድ ይረዳል። ይህ እገዳ የላላበት ሰው ለድንገተኛ ጠበኝነት የቀረበ ነው የሚል መላ ምት ነበር፤ ማስረጃው ወደዚያ ያጋድላል እንጂ ክርክሩ አልተዘጋም። ከልጅነታቸው ጀምሮ የትኩረት ማነስና ችኩልነት ኖሮባቸው በዚያው ጎልማሳ በሆኑ ሰዎች ላይ ደግሞ ችግሩ ይደራረባል። ትኩረታቸውን የሚያዛባው በአብዛኛው የሌሎች ንጥረ ነገሮች መዛነፍ ነው፤ ቁጣቸው ሳይታገድ ክንዳቸው ላይ መድረሱ ግን ከሴሮቶኒን ጋር ይያያዛል ብዬ አምን ነበር።

ሶዶ ተመድቤ ይህን በሠራተኞች ስብሰባ ሳስረዳ የሆስፒታሉ ኃላፊ ሳቅ አሉ። «ዶክተር፣ ይኼ የልጆች በሽታ አይደለም እንዴ? እኛ አገር አልቀመጥ ያለ ልጅ በልምጭ ይቀመጣል።»

አዳራሹ አጀባቸው።

«ያ ልጅ አሁን ሠላሳ ዓመት አልፎታል» አልሁ። «ልምጩንም የያዘው እርሱ ነው።»

ያን ጊዜ የሳቀ የለም። ወዳጅም አላፈራሁበትም።

ማርቆስ የመጣው በሁለት ፖሊሶች መካከል፣ እጁ በገመድ ታስሮ ነው። አናጺ ነው፤ ሶዶ ውስጥ የራሱ የእንጨት ሥራ ቤት ነበረው። የሚስቱን ወንድም ኤልያስን በመላጊያ ፊቱ ላይ መትቶ መንጋጋውን ሰብሮታል። ሚስቱ አስቴር ሕፃን ልጃቸውን ይዛ ቦምቤ፣ ወላጆቿ ቤት ገብታለች። ከእኔ በፊት ያዩት ባለሙያዎች «እብደት» ብለው ሃሎፔሪዶል የተባለውን ማስታገሻ ሲወጉት ከርመዋል፤ መርፌው አንገቱን አጣሞታል፣ ቁጣውን ግን አልነካውም።

ገመዱን አስፈታሁ። አንደኛው ፖሊስ «በኋላ እኛን እንዳይሉ» አለኝ። ብዕሬን መሳቢያ ውስጥ ቆልፌ ዝቅ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጥሁ።

«መላጊያውን ከየት አመጣኸው?»

«ከየት አመጣለሁ? እየላግሁ ነበር።»

«ኤልያስ ምን አለህ?»

«አልጋውን እሰጥሃለሁ ያልኸኝ ቀን አለፈ አለኝ። እውነቱን ነው፤ አልፏል። ሁሌ ያልፍብኛል። ሦስት አልጋ ጀምሬ አንዱንም አልጨረስሁም።» ጉልበቱ ከጠረጴዛው ሥር ያለማቋረጥ ይንቀጠቀጥ ነበር። «መምታቴን ያወቅሁት እሱ ወድቆ ሳየው ነው።»

እናቱን ለብቻቸው አነጋገርኋቸው። ልጅ ሳለ እንዴት እንደነበር ስጠይቃቸው ሳቁ።

«ዶክተር፣ እሱ መቼ ልጅ ነበር? ነፋስ ነበር እንጂ። ውኃ ቅዳ ብዬ ስልከው እንስራውን ረስቶ ወንዝ ደርሶ ይመለሳል። መምህሩ ከወንበር ጋር ቢያስረው ወንበሩን ተሸክሞ ወጣ።» ከዚያ ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉ። «ክፉ ግን አይደለም። መትቶ ሲያበቃ ከተመታው ሰው በላይ ያለቅሳል።»

ለትኩረት ማነስ የሚሰጠው መድኃኒት ያን ጊዜ ሶዶ አይደርስም ነበር። ፍሎክሰቲን ግን ነበረን። ሴሮቶኒን በነርቭ ሕዋሳት መካከል የሚቆይበትን ጊዜ የሚያረዝም፣ በተለይ ለድባቴ የሚታዘዝ መድኃኒት ነው። ትኩረቱን እንደማያቃናለት አውቃለሁ፤ የፈለግሁት ለቁጣው ነው። አደጋውንም አውቃለሁ፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንዳንዱን ሰው ይበልጥ ያቁነጠንጠዋል። ስለዚህ በአነስተኛው መጠን ጀመርሁ፣ በየሳምንቱ አየሁት፣ በዋስ ሲለቀቅም በሥራ ቤቱ ያለውን ስለታም ዕቃ ሁሉ እናቱ እንዲቆልፉበት አደረግሁ። መጋዝ የተነጠቀ አናጺ ከፊቴ ተቀምጦ ምን እንደሚያስብ አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅሁትም። በሩን እያየሁ መጠኑን ጨመርሁ።

ከዚያ አንድ ቀን መጥቶ ሳይቁነጠነጥ ተቀመጠ።

«ዶክተር፣ ትናንት አንድ ደንበኛ ሰደበኝ።»

«እሺ?»

«እሺማ፣ ቁጣው መጣ። መጣና ቆመ። ቆሞ አየሁት።» በራሱ ነገር እንደተገረመ ሰው ሳቀ። «እኔም ሂሳብህን ውሰድና ሂድ አልሁት።»

መጋዙን እንዲመልሱለት ለእናቱ ላክሁባቸው።

ጊፋታ እየቀረበ ነበር። በወላይታ የዘመን መለወጫ የተጣላ ሰው በዱቡሻ፣ ሽማግሌዎች ለጉዳይ በሚቀመጡበት ሣር ሜዳ፣ ሳይታረቅ አዲሱን ዓመት አይሻገርም። እርቁን የያዙት የአስቴር አጎት አቶ አንጁሎ ናቸው፤ የቦምቤ ሽማግሌ። አንድ ረፋድ ቢሮዬ መጥተው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ።

«ይኼ ልጅ ኪኒን ይውጣል አሉ።»

«የበሽተኛዬን ነገር ለሌላ ሰው አልናገርም።»

«ራሱ ነው የነገረኝ። እሱ ምን ይደብቃል? አፉም እንደ እጁ ነው።» በቀልዳቸው ትንሽ ፈገግ ብለው ወዲያው ተዉት። «በጊፋታ ዱቡሻ ላይ ይምላል። ሁለተኛ በሚስቴም በዘመዷም ላይ እጄን አላነሣም ብሎ። የሰከረ ሰው እኛ ዘንድ አይምልም። ኪኒን የዋጠስ? የሚምለው ማን ነው፣ ማርቆስ ነው ወይስ ኪኒኑ?»

«አረቄና መድኃኒት አንድ አይደሉም።»

«አልተሳደብሁም። ጠየቅሁ።»

«መድኃኒቱ ማርቆስን ማርቆስ ያደርገዋል።»

«እንግዲያው መጀመሪያ ልጃችንን የሰጠነው ለማን ነበር?» ብለው ባርኔጣቸውን ደፉ።

ማርቆስ ፍሎክሰቲኑን ያቆመው በዚያው ሳምንት ነው። አልደበቀኝም፤ በኩራት ነገረኝ። «የኔ ቃል የኔ ይሁን ብዬ ነው።»

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ። ፍሎክሰቲን ከሰውነት የሚወጣው እጅግ በዝግታ ነው። ዛሬ ያቆመው ሰው ለሳምንታት ጥቂት በጥቂት እየቀነሰ ከሚሄድ መድኃኒት ጋር ይኖራል። ቶሎ የሚያልቅ መድኃኒት ቢሆን ኖሮ ቁጣው ከዱቡሻው በፊት ተመልሶ ሁሉም ባዩት ነበር። ማርቆስ ግን በመሐላው ዕለት ረግቶ ይቀርባል። ሽማግሌዎቹ «ያለ ኪኒን ይኸው ዳነ» ይላሉ። አስቴር ልጇን ይዛ ትመለሳለች። መድኃኒቱ የሚያልቀው ከዚያ በኋላ፣ እርሷ ቤቱ ውስጥ ሳለች ነው።

በሚኒባስ ቦምቤ ሄድሁ። በዱቡሻው ላይ ለሐኪምነቴ ሲሉ ከወንዶቹ መካከል ወንበር ሰጡኝ።

«መድኃኒቱ አሁንም ደሙ ውስጥ አለ» አልኋቸው። «የምታዩት እርጋታ የመድኃኒቱ ነው። እርቁን አትተዉት። ወይ መድኃኒቱን ይቀጥልና ትመለስ፣ ወይ መመለሷን አቆዩት።»

ከኋላ የተቀመጠ አንድ ጎልማሳ ተነሣ። «ያልዋጠውን ዋጠ ትላለች! እንዲህ ከሆነ የዓምናው ሥጋም ሆዴ ውስጥ አለ፤ ለዘንድሮው ሰንጋ አላዋጣም!»

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። ኤልያስ ብቻ አልሳቀም፤ የተጣመመ መንጋጋውን ይዞ ማርቆስን ያይ ነበር።

አቶ አንጁሎ እጃቸውን አነሡ። «ማርቆስ፣ ውጠሃል?»

«ከተነጋገርን ወዲህ አልዋጥሁም፣ አባባ።»

«እንግዲያው ማል።»

ማለ። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም፤ ጉልበቱም አልተንቀጠቀጠም። ሁሉም አጨበጨቡ።

አስቴርን ከጓሮ፣ ለእንግዶቹ ቆጮ ስታዘጋጅ አገኘኋት። ለሽማግሌዎቹ ያልሁትን ሁሉ ደግሜ ነገርኋት። ሥራዋን ሳታቋርጥ አዳመጠችኝ።

«መቼ ነው የሚያልቀው?»

«ከወር በኋላ ግድም። እዚሁ ቆዪ።»

«ብቆይ ሲታረቁ እሷ እንቢ አለች፣ ጊፋታን በጥል አሻገረችን ይሉኛል። እናቴ ገበያ መውጣት ያቅታታል።»

«እንግዲያው መዋጡን እንዲቀጥል አድርጊው።»

«ከማለ በኋላ? ብውጥ ቃሌ የኔ አይደለም ይላል። አላዩትም እንዴ፣ እንዴት ደስ እንዳለው?»

ከበዓሉ በኋላ ሆስፒታላችን ግምገማ ተቀመጠ። የሕዝቡን ባህል በአደባባይ አንቋሽሻለች፣ የትምክህት አመለካከት ይታይባታል ተባልሁ፤ ግለ ሂስ እንዳደርግ ተጠየቅሁ። «አንድ መድኃኒት ደም ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ አመለካከት አይደለም» አልሁ። ሂስ አልተቀበለችም ተብሎ በቃለ ጉባኤው ተጻፈ። ማርቆስ ከመሐላው ወዲህ እስከዚያ ቀን ማንንም አልመታም ነበርና ማስረጃው ሁሉ በእኔ ላይ ነበር።

አስቴር ልጇን ይዛ ወደ ባሏ ተመልሳለች፤ ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ከሥራ ስወጣ በሥራ ቤቱ በኩል አልፍ ነበር። በመጀመሪያ መጋዙን አስቀምጦ ሰላም ይለኝ ነበር። ቆይቶ መጋዙን ሳያስቀምጥ ሰላም ይለኝ ጀመር። ቆይቶ ጆሮው ላይ የሰካውን እርሳስ መሬት ላይ ሲፈልግ አገኘሁት፤ ግማሽ የተሠሩ በሮች ግድግዳውን ሞልተውታል፤ ጉልበቱም ቆሞ ሳለ እንኳ ይርገበገባል። አስቴር በሩ አጠገብ ቆማለች፤ ሁልጊዜ በሩ አጠገብ፣ ሁልጊዜ ልጇን እንደታቀፈች። ማንም ሳያስተምራት የት መቆም እንዳለባት አውቃለች።

«ማርቆስ፣ መድኃኒቱን ጀምር።»

«ዶክተር፣ ተይኝ። ምያለሁ።»

«ምለሃል። ደምህ ግን አልማለም።»

መጋዙን የያዘው ክንዱ ተወጠረ። አስቴር አንድ እርምጃ ወደ ውጭ ወጣች። እኔም ሄድሁ፤ መቆየቴ ለእርሷ አደጋ እንጂ ከለላ እንዳልሆነ አይቼ ነው። ለፖሊስ ጣቢያው ሁኔታውን አስረዳሁ። «ምን አደረገ?» አሉኝ። «እስካሁን ምንም» አልኋቸው። «ሲያደርግ ይምጡ» አሉኝ።

አስቴር ድንገተኛ ክፍል የገባችው ግራ ክንዷ ሁለት ቦታ ተሰብሮ ነው። ያመጣት ማርቆስ ነው፤ ተሸክሟት፣ እየጮኸ እያለቀሰ። ጣውላ ይዞ ልኬት እየወሰደ ሳለ ምሳ መቅረቡን ነግራዋለች፤ ልኬቱ ጠፋበት። ሌላ ምክንያት የለም። ሕፃኑን መሬት ላይ ያስቀመጠችው ያን ዕለት ብቻ ነበር።

በሥራ ዘመኔ ብዙ በሽተኛ ከእጄ አምልጧል፤ እንደዚህ አስቀድሜ አውቄው የደረሰ ግን ሌላ የለም። ስለ መድኃኒቱ የተናገርሁት ሁሉ ትክክል ነበር። አቶ አንጁሎ የጠየቁኝ ግን ስለ መድኃኒቱ አልነበረም፤ ቃሉ የማን ነው ብለው ነው የጠየቁኝ። ጥያቄው ጠንካራ ጥያቄ ነበር፤ እኔ እንደ አላዋቂ ጥያቄ መለስሁት። መልስ ያላገኘ ሰው ደግሞ የራሱን መልስ ያበጃል።

ማርቆስን በእስር ቤት ጎበኘሁት። መድኃኒቱን እንቢ አለ። «አሁንማ ምን ይሠራል? መሐላ አፍርሻለሁ። ጎሜ ነው።» ጎሜ የተከለከለውን ባፈረሰ ሰው ላይ የሚመጣ ቅጣት ነው። መጀመሪያ መሐላው መድኃኒቱን አስጣለው፤ አሁን ደግሞ የመሐላው መፍረስ ዳግመኛ አስጣለው።

በዋስ ሲለቀቅ ሽማግሌዎቹ እንደገና ተቀመጡ። እኔም ሄድሁ። ማርቆስ በኤልያስና በሌላ ጎልማሳ መካከል ነው የተቀመጠው፤ ሁለቱም ሊይዙት ተዘጋጅተው። ሣሩን እየነጨ ፊቱን ያልተነጨ ሣር ወዳለበት ያዞራል። አቶ አንጁሎ የመሐላ ማፍረሻ ቅጣቱን መናገር ሲጀምሩ አስቴር ከሴቶቹ በኩል ተነሣች። ክንዷ በጄሶ ተጠቅልሏል።

«ሁለተኛ አልመታም ብሎ አይማል» አለች። «እሱን ሲምል አይቻለሁ። እውጣለሁ ብሎ ይማል። የሚችለውን ይማል።»

ከኋላ ያው ጎልማሳ «ደግሞ ሴት በዱቡሻ...» ብሎ ሲጀምር ኤልያስ ዞረ። «ዝም በል፤ ትናገር! ክንዷን የሰጠችው እሷ ናት እንጂ አንተ ነህ?»

አቶ አንጁሎ ወደ ማርቆስ ዞሩ። «ይኼኛውስ ቃል የማን ነው?»

ማርቆስ ሣር መንጨቱን አቆመ። «ኪኒኑ አሁን ውስጤ የለም፣ አባባ። አልቋል። ይኼን የምለው እኔ ነኝ።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አቶ አንጁሎ ወደ እኔ ተመለከቱ። «ዶክተር፣ ለመድኃኒቱ ዋስ ትሆኛለሽ?»

«አልሆንም። መድኃኒቱ ላይሠራ ይችላል፤ ቢሠራም ሳምንታት ይፈጅበታል። ሐኪም ከዚህ በላይ ዋስ አይሆንም።»

«መሐላም እንደዚያው መሆኑን አይተናል» አሉ።

ማርቆስ ቆሞ ማለ፤ በየቀኑ በኤልያስ ፊት እንደሚውጥ። ካፕሱሉን ከእጄ ተቀበለ። አንድ ሰው ውኃ በጣሳ አመጣለት። ጎንበስ ያሉት ሽማግሌዎች ሁሉ ጉሮሮውን ይመለከቱ ነበር፤ ሲወርድ አይተው ቀና አሉ።

«በይ እንግዲህ፣ ልጄ» አሉ አቶ አንጁሎ ለአስቴር። «ተነሺና ወደ ቤትሽ።»

አስቴር ሕፃኑን በጤነኛው ክንዷ አቀፈች።

«ዛሬ የዋጠው ለዛሬ ነው» አለችና ከእናቷ ጋር ወደ ወላጆቿ ቤት የሚወስደውን መንገድ ያዘች።